ፖስተሬ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ

ለብዙ ሳይንቲስት ኮንፈረንስ ማለት ያለቀ ሥራ የሚታይበት መድረክ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲለፉበት የከረሙትን ስላይድ ላይ አስፍሮ መሄድ፣ መናገር፣ ምሳ መብላት፣ መመለስ። እኔ በምሠራበት ዘርፍ ግን ነገሩ ለየት ይላል። የእኛ ቴሌስኮፕ ግማሹ የሚሠራው ስብሰባ ላይ ነው። ብረቱን ማለቴ አይደለም። ብረቱማ ከተተከለ ስንት ዘመኑ!

ላስረዳ። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ካልተናገርኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያዬ ራዲዮ አስትሮኖሚ ነው። ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ በትልልቅ ዲሾች ተቀብለን እናጠናለን። የራዲዮ ሞገድ ግን ከብርሃን ሞገድ በጣም ይረዝማል። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ጥርት አድርጎ ለማየት የሚያስፈልገው ዲሽ እየሰፋ ይሄዳል። ጀርመን ውስጥ፣ ከቦን ብዙም ሳይርቅ፣ ኤፈልስበርግ የሚባል ሸለቆ ውስጥ 100 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ አለ። እሱን የሚያህል ብረት በ6 ሳንቲሜትር ሞገድ ሰማይን ሲያይ፣ ጥራቱ ከሰው ዓይን ያንሳል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መፍትሔው ዲሾችን አራርቆ አንድ ላይ ማሠራት ነው። ሁለት ቴሌስኮፖች፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ማዶ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጋላክሲ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ የሚሰማውን በራሱ አቶሚክ ሰዓት እየለካ ይቀዳል። በኋላ ቅጂዎቹ ኮሪሌተር በሚባል ኮምፒውተር ውስጥ ይገናኛሉ። ሰዓቶቹ ካልዋሹና የምድር መሽከርከር በትክክል ከተቆጠረ፣ ሁለቱ ዲሾች በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያህል ስፋት እንዳለው አንድ ቴሌስኮፕ አጥርተው ያያሉ። ይኼ ዘዴ ቪኤልቢአይ ይባላል። በ10,000 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በዚያው በ6 ሳንቲሜትር ሞገድ፣ ጨረቃ ላይ የቆመን ሰው ቁመት የሚያህል ነገር መለየት ይቻላል።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ምድርን የሚያህል ቴሌስኮፕ የማን ነው? አሜሪካኖቹ ቪኤልቢኤ የሚባል፣ ከሃዋይ እስከ ካሪቢያን የተዘረጋ፣ አሥር አንቴና ያለው የራሳቸው መረብ አላቸው። ሌላው ዓለም ባብዛኛው በመደጋገፍ ነው የሚሠራው። ደቦ ነው በቃ። እያንዳንዱ የራሱን በሬ ይዞ ይመጣል፣ የተባለው ቀን ሲያልቅ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ። በ1980 አምስት የአውሮፓ ተቋማት እንዲህ ተስማምተው የአውሮፓ ቪኤልቢአይ መረብን መሠረቱ። ዛሬ መረቡ ከአውሮፓ አልፎ ቻይናና ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ ሁሉም የራሱን ሥራ አቁሞ ቴሌስኮፑን ለጋራው ሥራ ያውላል። ቅጂዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ድዊንገሎ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ጃይቭ በሚባለው ተቋም ይገናኛሉ።

በየጣቢያው ይህንን የጋራ ሥራ የሚከታተል ሰው አለ። መጠሪያው ምን መሰላችሁ? «የቪኤልቢአይ ጓደኛ»። አልቀለድኩም፤ ሰነዶች ላይ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ዝናብ ገብቶ መቀበያው የተበላሸ ቀን፣ ዲስኩ የሞላ ቀን፣ ከሌሊቱ በስንት ሰዓት ኢሜይል የሚላክለት እሱ ነው። (ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፦ እኛ ሁሉን ነገር በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የምንቆጥረው። «በዜሮ ሰዓት ይጀመራል» ሲባል በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱን ሰዓት በጭንቅላቴ ማቀያየር ከለመድኩ ቆየሁ፤ ሰው ሲቀጥረኝ ግን አሁንም ሁለት ጊዜ ነው የምጠይቀው።)

ስብሰባ ለምን እንዳስፈለገ ገና ከጅምሩ ይታያል። በ1967 ካናዳውያን አንዱን ዲሽ ኦንታሪዮ፣ ሌላውን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አድርገው፣ 3,074 ኪሎ ሜትር አራርቀው፣ ለቴሌቪዥን ስቱዲዮ በተሠራ የቴፕ መቅጃ ተሳካላቸው። አሜሪካኖቹም በዚያው ሰሞን በኮምፒውተር ቴፕ ተሳካላቸው። እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ በገዛ አገሩ ነው። ከዚያ ርቀቱን ማስፋት አማራቸው፤ ርቀት ሲሰፋ ደግሞ ድንበር ይመጣል። በ1969 አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ግሪን ባንክ፣ ክሪሚያ ሲሜይዝ ካለው የሶቪየት ቴሌስኮፕ ጋር አብሮ ሰማይ አየ። ዘመኑን አስቡት። ቀዝቃዛው ጦርነት ነው። አሜሪካውያን መቅጃና አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው ሶቪየት ኅብረት ይገባሉ፣ ሶቪየቶቹ ዲሻቸውን ያዞሩላቸዋል። ይኼ በቴሌግራም ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አስቀድሞ አንዱ ሌላውን በአካል ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን ትውውቅ የሚፈጥሩት ደግሞ ስብሰባዎች ናቸው።

የአውሮፓው መረብ በየሁለት ዓመቱ ሲምፖዚየም አለው። በ2018 ግራናዳ፣ በ2022 አየርላንድ ኮርክ፣ በ2024 ቦን ነበር። የኮርኩ በ2020 ሊሆን የታሰበ ነው፤ ኮቪድ ገፋው። ንግግሮቹን ብዙም አልተርክላችሁም። እውነት ለመናገር ግማሾቹ ያሰለቻሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት አርባ ስላይድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሌም አለ። ሰዓት ጠባቂው ቆሞ እያየው «አንድ የመጨረሻ ነገር» ብሎ ሦስት ይጨምራል። ምህጻረ ቃል ደግሞ የዚህ ሙያ በሽታ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ሲደረደሩ የገዛ ሙያዬ እንግዳ ይሆንብኛል።

እኔ የምወደው የተጠቃሚዎች ስብሰባ የሚባለውን ነው። በሲምፖዚየሙ መሃል ለብቻው ሰዓት ይሰጠዋል። መረቡን የሚያስተዳድሩትና ኮሪሌተሩን የሚያንቀሳቅሱት ፊት ይቀመጣሉ፤ በዳታው የምንሠራው ደግሞ ከወዲህ። ከዚያ ቅሬታ ነው። ለምን ዘገየ? ያ ጣቢያ ያንን የሞገድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) መቼ ነው የሚያገኘው? አዲሱ መቀበያ ምን ደረሰ? በዚያ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የጠየቀ ሰው ጥያቄው ይመዘገብለታል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ በዚያ ጥያቄ ምክንያት ትንሽ ሊቀየር ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ያልነበረ ሰው ደግሞ፣ በቃ፣ አልነበረም።

የሻይ እረፍቱም እንደዚያው ነው። «ያንን ጋላክሲ ለማየት አስባለሁ፣ ግን ከደቡብ በኩል አንቴና ያንሰኛል» ትላለህ። አጠገብህ ስኒ ይዞ የቆመው ሰው የዚያ የደቡብ አንቴና ኃላፊ ሆኖ ይገኛል። በኢሜይል ቢሆን ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ንግግር በአንድ ስኒ ያልቃል። ቡናውን ግን አታንሱብኝ። ቡናው የትም ቢሆን ያው የማሽን ቡና ነው።

ወርክሾፕ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጋ አበልና ቦርሳ ያስታውሳል። አልፈርድበትም። ግን አንድ ወርክሾፕ ልንገራችሁ፣ እኔ ያልነበርኩበት። በሚያዝያ 2017 ስድስት ቦታ የሚገኙ ስምንት ቴሌስኮፖች፣ ከቺሊ እስከ ሃዋይ፣ ከስፔን እስከ ደቡብ ዋልታ፣ አብረው ሰማይ አዩ። ከደቡብ ዋልታው በቀር ሰባቱ ኤም87 የሚባል ጋላክሲ መሃል ያለውን ብላክ ሆል፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠውን አካል፣ አዩ፤ ኤም87 ከደቡብ ዋልታ አይታይም። ዳታው በኢንተርኔት የሚላክ አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ በአውሮፕላን ተጭኖ ነው የሄደው። የደቡብ ዋልታው ዲስክ ክረምቱ እስኪያልፍ መነሳት አልቻለም። እስከ ታኅሣሥ መጠበቅ ነበረበት፤ ዳታው ሁሉ የሚገናኘው ማሳቹሴትስና ቦን ነው።

ዳታው ከተዘጋጀ በኋላ ያደረጉትን ነው የማደንቀው። ምስል ሠሪዎቹን በአራት ቡድን ከፈሏቸው። ቡድኖቹ እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቴሌስኮፖቹ ጥቂት ብቻ ስለሆኑ ዳታው ክፍተት አለው፤ ክፍተቱን የሚሞላው ሰው ደግሞ ሳያውቀው ማየት የሚፈልገውን ሊያይ ይችላል። ቀለበት ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ቀለበት ቢያገኝ ማን ያምነዋል? እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ለሳምንታት ሠራ። በሐምሌ 2018 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ወርክሾፕ ተጠራ። የአራቱም ምስል ጎን ለጎን ተደረገ። አራቱም ላይ ቀለበት አለ። ከታች በኩል ደመቅ ያለ፣ መሃሉ የጨለመ።

ዓለም ያንን ምስል ያየው ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ነው። 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ፣ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ብላክ ሆል። ለእኔ ግን ትልቁ ቀን የሐምሌው ነው። ያ ወርክሾፕ የመለኪያው አካል ነበር። ባይደረግ ኖሮ ምስሉን አላምንም።

ሌላው ዓይነት ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ነው። የአውሮፓ የራዲዮ ኢንተርፌሮሜትሪ ትምህርት ቤት የሚባል አለ (ኢንተርፌሮሜትሪ ያው ዲሾችን አንድ ላይ ማሠራቱ ነው)፤ በየጊዜው ቦታ እየቀያየረ ተማሪ ሰብስቦ ያስተምራል። ድዊንገሎም ከአንድ ጊዜ በላይ አስተናግዷል። ድዊንገሎን አንድ ቀን እንድታዩ እመኛለሁ። ሜዳው ቁጥቋጦ ነው፣ በግ ይሰማራበታል። ጫካው ጫፍ ላይ በ1956 ንግሥት ዩልያና የመረቀችው 25 ሜትር ዲሽ ቆሟል። በጊዜው ለአጭር ጊዜ የዓለም ትልቁ ነበር። አሁን በቅርስነት ተመዝግቦ አማተሮች ይጫወቱበታል። ሰው በብስክሌት ይመጣል። ምሳ ዳቦ በአይብ ነው፤ ከሱ ጋር ወተት። ትልልቅ ሰዎች ምሳ ላይ ወተት ሲጠጡ ማየት ለኔ ከብላክ ሆል ያልተናነሰ ነገር ነበር።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትማሩት መጽሐፍ ላይ የሌለውን ነው። ጥሬ ዳታ ይሰጣችኋል። ስክሪኑ ላይ ስትዘረጉት የተበተነ ነጥብ ብቻ ነው፤ ምንም የለም። ሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ሥራ የሚመረጡ በጣም ደማቅ የሆኑ ኩዌዛሮች፣ ማለትም ከሩቅ እንደ ነጥብ የሚታዩ የጋላክሲ እምብርቶች፣ አሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ላይ ነው የሚሞከረው። ልዩነቱን ስታገኙና ስታስተካክሉት የተበተነው ነጥብ ድንገት ይሰበሰብና መስመር ይሆናል። ፍሪንጅ ተገኘ ይባላል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሲያገኝ ሁሉም ዞሮ ያየዋል።

አስተማሪው ደግሞ ከጎን ቆሞ የማይጻፈውን ይነግራችኋል። ያ አንቴና ነፋስ ሲነሳ እንዲህ ያደርጋል። ይኼኛው ጣቢያ ላይ ይኼንን ቻናል አትመኑ። ይህች ትእዛዝ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራበት በኖረው አይፕስ በሚባል ሶፍትዌር ውስጥ እንዲህ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ እውቀት በጆሮ ነው የሚተላለፈው። ቪዲዮ ተቀርጾ ቢጫንም አይሞላም፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር ተማሪው ስክሪን ላይ የሚታየው የገዛ ራሱ ችግር ነው።

እዚህ ላይ ነው ወደ ካርታው የምመጣው።

የአውሮፓውን መረብ ካርታ ብታዩ ሰሜኑ የተጨናነቀ ነው። ከሲሲሊ በታች ዓይናችሁን ብታወርዱ ባዶ። ሰሃራ ባዶ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ባዶ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አቅራቢያ፣ ሃርትቢስትሁክ አንድ 26 ሜትር ዲሽ አለች። ናሳ በ1961 ለጠፈር መንኮራኩሮቹ የተከላት ናት፤ በ1970ዎቹ ለቅቆ ሲወጣ ደቡብ አፍሪካውያን ወደ አስትሮኖሚ አዞሯት። በ2008 ትልቁ ቤሪንግ ተሰብሮ ቆመች። እስከ 2010 ድረስ፣ እስክትጠገን፣ መረቡ ከደቡብ በኩል ዋና ዓይኑን አጣ። አንዲት አሮጊት ዲሽ!

ክፍተቱ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ቪኤልቢአይ ላይ ጥሩ ምስል ለማግኘት አጭርም፣ መካከለኛም፣ ረጅምም ርቀት ያስፈልጋል። ከኤፈልስበርግ ሃርትቢስትሁክ፣ ምድርን ሰንጥቆ በሚያልፍ ቀጥታ መስመር፣ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛው የለም። አንድ ቀን ከጉጉት የተነሳ አስልቼው ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንቴና ቢኖር ወደ ኤፈልስበርግ 5,300፣ ወደ ሃርትቢስትሁክ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልክ የጎደለው። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን እናያለን። በዚያ ላይ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ አለ፤ ይኸው ቪኤልቢአይ የአህጉራትን መራራቅ በሚሊሜትር ይለካል፣ የኛ መሬት ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት ሚሊሜትር እየተከፈተች ነው። እግዜር ቦታውን መርጦ የሰጠን ይመስላል። አንቴናው ነው የቀረው።

ሌሎች አፍሪካውያን ጀምረዋል። የቴሌኮም ኩባንያዎች ፋይበር ኦፕቲክ ሲመጣላቸው ትልልቅ የሳተላይት ዲሾቻቸው ሥራ ፈቱ። ጋናዎች ኩንቱንሴ የሚገኘውን 32 ሜትር ዲሻቸውን ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቀይረው በነሐሴ 2017 አስመረቁት። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ሐሳቡ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ደቡብ አፍሪካ ከስምንት አጋር የአፍሪካ አገሮች ጋር ኤስኬኤ የሚባለውን ግዙፍ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ለማስተናገድ ስትዘጋጅ ከተደረጉ ስብሰባዎች ነው ያደገው። ስምንቱ ውስጥ ጋና አለች፣ ኬንያ አለች፣ ማዳጋስካር አለች። ኢትዮጵያ የለችም። እኛም ቴሌ ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ጣቢያ አለው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አስግጌ ነው የማየው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ኢትዮጵያ ምንም የላትም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እንጦጦ ላይ ሁለት የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ የብርሃን እንጂ የራዲዮ አይደሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የ2019ኙ ስብሰባ አለ።

ከጥቅምት 7 እስከ 11፣ በኛ መስከረም 2012 ማለቂያ ላይ፣ የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት 356ኛ ሲምፖዚየም አዲስ አበባ ተደረገ። ርዕሱ የጋላክሲዎች እምብርት ላይ ያሉት፣ ግዙፍ ብላክ ሆል የሚያንቀሳቅሳቸው ነገሮች ነበር። የኛው ርዕስ! የኤም87 ምስል ከወጣ ገና ስድስት ወሩ ነው። ዝናቡ አልቋል፣ አደይ አበባው አላለቀም። ማክሰኞ ዕለት የፊዚክስ ኖቤል ለሦስት የሥነ ፈለክ ሰዎች ተሰጠ፣ ለፒብልስ፣ ለማዮርና ለኬሎ። ዓርብ፣ ስብሰባው ሊዘጋ ሲል፣ የሰላም ኖቤሉ ለጠቅላይ ሚኒስትራችን ተባለ። የዚያን ዜና ቀጣይ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ አልገባበትም።

ከዚያ ሳምንት የማልረሳው ሌላ ነው። መጽሔት ላይ ስማቸውን ብቻ የምናውቃቸው ሰዎች የኛን ከተማ ታክሲ ሲጋፉ፣ የኛ ተማሪዎች ደግሞ ያለ ቪዛ፣ ያለ አውሮፕላን ትኬት፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው ኮንፈረንስ ሲገቡ። ጥናታቸውን በትልቅ ወረቀት ያተሙበት ፖስተራቸው ፊት ቆመው ሲያስረዱ። እንግዳ ማስተናገድ እናውቅበታለን። እንግዳው ጠያቂ፣ እኛ መላሽ ስንሆን ግን ሌላ ስሜት ነው።

ቪዛን ካነሳሁ፣ የርዕሴን ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አብስትራክቴ፣ የጥናቴ አጭር መግለጫ ማለቴ ነው፣ ተቀባይነት አገኘ። የጉዞ ድጋፍም ተሰጠኝ። ደብዳቤው፣ የባንክ መግለጫው፣ የሆቴሉ ማረጋገጫ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ፓስፖርቴ ግን ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ነው የተመለሰልኝ። ተከልክያለሁ። «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ አላሳመኑንም» ዓይነት ነገር ነው። ፖስተሬን በኢሜይል ላክሁት። አዘጋጆቹ አትመው ሰቀሉልኝ። ስሜ ከላይ ተጽፎ፣ ፊቱ ላይ የሚቆም ሰው የለም። አንድ ሥራ ባልደረባዬ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከግራም ከቀኝም ሰዎች የፖስተራቸው ፊት ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ያስረዳሉ።

ይህ የኔ ብቻ አይደለም። ሙያው ውስጥ ያለ አፍሪካዊ ሁሉ የሚያወራው ታሪክ ነው፤ ስንገናኝ ከሳይንስ በፊት የምንጠያየቀው «ቪዛው እንዴት ሆነልህ?» ነው። ከላይ የተናገርኩትን ከዚህ ጋር አያይዙት። ጊዜ የሚመደበው፣ አንቴና የሚታሰበው፣ ተማሪ የሚታጨው ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ከሆነ፣ ካርታው ላይ ያለው ባዶና ወንበሩ ላይ ያለው ባዶ አንዱ ሌላውን ይወልዳል። አንቴና ስለሌለን አንጋበዝም፤ ስለማንገኝ አንቴና አይታሰብልንም።

ኢንተርኔት አልፈታውም? በከፊል። በ2021 የአውሮፓው መረብ ሰዎች በኦንላይን ተሰበሰቡ። ንግግሩን ለመስማት ግሩም ነው፤ አሰልቺውን መዝጋት ይቻላል፣ መብራት ካልሄደ። ሰው ለሰው ለመተዋወቅ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ዙም ላይ ስኒ ይዞ አጠገብህ የሚቆም የለም። አንዳንድ ወዳጆቼ ለአየር ንብረቱ ሲሉ ኮንፈረንስ ሁሉ ኦንላይን ይሁን ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ብዙ ጊዜ ይህን የሚለው ግን ሃያ ዓመት በአካል ሲሄድ ኖሮ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀ ሰው ነው። መጀመሪያ እኛም እንተዋወቅ፣ ከዚያ እንቀንስ።

በነሐሴ 2024 የዓለም አቀፉ አስትሮኖሚ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ ኬፕ ታውን ተደረገ። ኅብረቱ በ1919 ከተመሠረተ ጀምሮ አፍሪካ ላይ ሲደረግ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። ጉባኤው በተከፈተ ማግስት ፍልሰታ ገባ። ለሐበሻ ተሳታፊ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንደ እድል ሆኖ እንዲህ ያለ ስብሰባ ስትመዘገቡ ፎርሙ ላይ «ቬጋን» የሚል ሳጥን አለ። እሱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ቬጋን የሆናችሁት?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የአራተኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ መተረክ ይመጣል፤ ያም የሻይ እረፍት ወሬ ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አፍሪካ ውስጥ የሚደረጉ የሦስት ቀን ሥልጠናዎች ሰልችተውኛል። ባለሙያው ይመጣል፣ ስለ ብላክ ሆል የሚያምር ንግግር ያደርጋል፣ የቡድን ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ተማሪው እጅ ላይ የሚቀረው ሰርተፊኬት ነው። የተለየ ምሳሌ አለ። ዳራ የሚባል በእንግሊዝ ድጋፍ በ2015 የተጀመረ ፕሮግራም ስምንቱ አጋር አገሮች ውስጥ ተማሪዎችን በተከታታይ ዙር ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ከነሱ መካከል ደግሞ ለማስተርስና ለዶክትሬት የላካቸው አሉ። ልዩነቱ መደጋገሙ ነው። ያው አስተማሪ ተመልሶ ይመጣል፣ ያ ተማሪ እስከየት እንደደረሰ ያውቃል። እኛ ከስምንቱ ስላልነበርን አልደረሰንም። እንዲህ ያለውን ራሳችን ብንጀምረው ማን ከለከለን? ከእንጦጦም ሆነ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የወጡ፣ ውጭ አገር ዳታ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ክረምት ላይ መጥተው ሁለት ሳምንት ቢያስተምሩ፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ያንኑ ተማሪ ቢያገኙት በቂ ጅምር ነው።

በኢሜይል «ከየት ልጀምር?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ተማሪዎች ደግሞ መልሴ ይኸውላችሁ። ኮንፈረንስ አትጠብቁ። የአውሮፓው መረብ ዳታ ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ ከጃይቭ ማኅደር በነጻ ይወርዳል። ሶፍትዌሮቹ፣ አይፕስም ካሳም፣ ነጻ ናቸው። ኢንተርኔቱ ፈጣን ያለበት ጓደኛ ፈልጋችሁ በፍላሽ ውሰዱት። ደማቁን ኩዌዛር ይዛችሁ ፍሪንጅ ፈልጉ። እሱ ከተሳካላችሁ መረቡን ለመጠቀም የራሳችሁን ፕሮፖዛል መጻፍ ትችላላችሁ፤ የማስገቢያው ጊዜ በፈረንጅ የካቲት 1፣ ሰኔ 1 እና ጥቅምት 1 ነው፣ ዜግነት አይጠየቅም። ለጀማሪ የጃይቭ ሰዎች ራሳቸው ያግዛሉ፤ ጻፉላቸው፣ ይመልሳሉ። አብስትራክታችሁ አንድ ቦታ ተቀባይነት ሲያገኝ ደግሞ ደስታውን ለማታ አቆዩትና በዚያው ቀን የቪዛ ቀጠሮ ያዙ። አዘጋጆቹን ደብዳቤው ላይ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ እንዲጽፉ ጠይቋቸው። ፖስተራችሁን በሻንጣ ብቻ አትመኑ፤ ፋይሉን ቀድማችሁ ላኩ።